የምድር ቤቱ ውሃ

መተማ፣ ግንቦት 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሀብትነሽ ልጅ፣ ለአዛናው፤

ከዚህ ከቆላው ምድር የሚነሳው ሰላምታዬ ገዳሪፍ ድረስ ሳይጎድል ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? አሰበችስ? ልጆቹስ አደጉ? እኔና ጥሩአየሁ የፈጣሪ ቸርነት አልተለየንም፤ እንዳለን አለን።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ባለግመሉ ሽኩር ነው። ጨውና ሳሙና እያለ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ስንት ዘመኑ! የሰውየው አፍ ምስጢር እንደማያወጣ ስለማውቅ ነገሩን ሳልሸፋፍን እጽፍልሃለሁ።

ጀምበሩ መጥቷል። ከሰሜን ግንባር ጠፍቶ፣ ጭኑ ላይ የጥይት ቁስል ይዞ፣ በጨው መኪና ላይ ተኝቶ ሸሕዲ ደረሰ። ከሸሕዲ ወዲህ በአህያ እንደ ጆንያ ተጭኖ ነው የመጣ። ጥሩአየሁ በሩን ስትከፍት አላወቀችውም። «የማንን ቤት ነው የምትፈልገው?» አለችው። «የእናቴን» አላት።

ታላቅ ወንድሙ ደሞዝ ባጽሙም ሳይመጣልን እዚያው እንደቀረ ታውቃለህ። አንዱን ሰጥቻለሁ። ይህን አልሰጥም።

የሱዳኗ ገላባት አፍንጫችን ሥር ሆና ለምን አታሻግረውም ትለኝ ይሆናል። መሻገሪያው ላይ ጥበቃው ጠንክሯል። በዱሩ ዞሮ ለመሄድ ደግሞ የሚራመድ እግር ይፈልጋል። ዝናቡም ደርሷል፤ ወንዙ ከሞላና ዋልካው አፈር ከራሰ ግመል እንኳ በመከራ ነው የሚወጣው። ስለዚህ እስከ ጥቅምት፣ ቁስሉም እስኪሽር መሬቱም እስኪደርቅ፣ ምድር ቤት ይቀመጣል ብለናል።

ምድር ቤቱን ታስታውሰዋለህ። አማቴ በደጉ ዘመን ሙጫና ሰሊጥ ሊያከማቹበት ያስቆፈሩት፣ ከእቃ ቤቱ ወለል ሥር ያለው ነው። ልጆች ሳላችሁ ከደሞዝ ጋር ትደበቁበት ነበር። በበጋ ደረቅ ነው፤ ቅዝቃዜውም ደግ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ውሃ ያመጣል። ከላይ አይፈስም፤ ከግድግዳውና ከመሬቱ እንደ ላብ እየመነጨ በሐምሌ ጉልበት፣ በነሐሴ ደረት ይደርሳል። በፊት ምን ገዶን! ባዶውን ትተነው ይከርም ነበር። ዘንድሮ ግን ሰው አለበት።

ያለፈው ሳምንት ዝናብ ገና መጀመሪያው ነው፤ ወለሉ ግን ከወዲሁ ረጥቧል። አንተ የሞተር ሰው ነህ። ውሃ የሚስብ ነገር ፈልግልኝ። ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም።

አጎትህ ማሩ


ገዳሪፍ፣ ሰኔ 3 ቀን 1980

ለአጎቴ ለማሩና እንደ እናቴ ለማያቸው ለእትዬ ጥሩአየሁ፤

እንደምን ሰነበታችሁልኝ? ጉልበታችሁን እስማለሁ። እኔ፣ አሰበችና ልጆቹ ደህና ነን።

ደብዳቤዎን ሽኩር ሲሰጠኝ ጋራዡ ውስጥ መኪና ሥር ተኝቼ ነበር። እዚያው እንደተኛሁ አነበብሁት። ስወጣ ፊቴ በዘይት ተለቅልቆ ስለነበር ማልቀሴን ያየ የለም።

አጎቴ፣ ወላሂ፣ ያሉኝን አግኝቻለሁ። እዚህ ዋቡር ይሉታል፤ ትንሽዬ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው፣ በቤንዚን የሚሠራ። አንድ አትክልተኛ ተሰብሮበት ጥሎት የነበረ ነው። ፈታትቼ፣ የጎደለውን ከሌላ አሟልቼ አስነሳሁት። ሽኩር በሁለት ግመል ከፋፍሎ፣ በቴምር ከረጢት መሃል ያመጣዋል። ደህና አድርገው ያዳምጡኝ እንግዲህ፤ ይኸ ቀልድ አይደለም።

ከምድር ቤቱ ዝቅ ያለው ጥግ የቱ እንደሆነ ይዩና እዚያ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፍሩ፤ ዙሪያውን ድንጋይ ይደርድሩበት። ውሃው ሁሉ ወደዚያ ይሰበሰባል። የቱቦው ጫፍ፣ ወንፊት ያለው፣ እዚያ ውስጥ ይግባ። ሞተሩ ግን ውጭ ይሁን! በምንም ምክንያት ከቤት ውስጥ አያስነሱት። ጭሱ ሳይታይ ሳይሸት ሰው ይገድላል። እዚህ ሁለት ሰዎች በር ዘግተው እንዲህ ያለ ሞተር አስነስተው ተኝተው ቀርተዋል። ድምፁ ቢያስጨንቅዎ የጭስ ማውጫውን፣ ማርሚታውን፣ አፈር ውስጥ በተቀበረ ገንቦ ያስገቡት፤ ዙሪያውን በጭቃ ግድግዳ ይከልሉት።

ባዶውን አያስኪዱት፤ ውሃ ካላገኘ ይቃጠላል። ስለዚህ ውሃውን የሚጠብቅ ሰው ይኑር፤ ሲሞላ ማስነሳት፣ ሲጎድል ማጥፋት ነው። የምድር ቤቱን መክደኛ ሳንቃ በየጊዜው እየከፈቱ ማየት ግን ዓይን ይስባል። ቅል ላይ ሲባጎ አስረው ውሃው ላይ ያንሳፍፉት፤ ሲባጎውን ወደ ላይ ያውጡት። ቅሉ ምን እንደሚል ከላይ ሆነው ያውቃሉ።

ደግሞ፣ ስሙን በደብዳቤ አይጥሩት። ሽኩር ታማኝ ነው፤ የሽኩርን ከረጢት የሚፈትሽ ግን ብዙ ነው። «እቃው» ይበሉት።

እስከ ጥቅምት ብቻ። ጥቅምት ላይ እኔ ራሴ ወንዙ ዳር እቀበለዋለሁ።

አዛናው


መተማ፣ ሰኔ 29 ቀን 1980

ለአዛናው፤

እንደምን አለህልኝ? እኛ ደህና ነን። ወላሂ ማለት ከየት አመጣህ? እናትህ ብትሰማህ ምን ትል ነበር!

ሞተሩ ደርሷል። በአንድ ነገር ብቻ አሳፈረኝ፤ ማስነሻ ገመዱን ስስብ ስስብ ውዬ እንቢ ሲለኝ ሽኩር መጥቶ አንዴ ሳበውና ተነሳለት። አሁን ጠባዩን ለምጃለሁ።

እንዳልኸኝ ስሙን አልጠራም። እቃው ደህና ነው። እቃው ትናንት ሾርባ ጠጣ። እቃው ጢሙን ተላጨ። ጥሩአየሁ የምጽፈውን ሳነብላት «ልጄን እቃ አልኸው?» ብላ እንዝርቷን ወረወረችብኝ። ምድር ቤት ያለው ግን ሰምቶ ከታች ሲስቅ ሰማነው። ከመጣ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ደግ ሐሳብ ነበር።

ጉድጓዱን ከራስጌው ጥግ ቆፈርሁት። ቅሉ ውስጥ ለክብደት ጠጠር ጨምረን ውሃው ላይ አስቀመጥነው፤ ሲባጎውን በሳንቃው ስንጥቅ አውጥተን በጣሪያው ወራጅ ላይ አሻግረን የጣሳ ክዳን አንጠለጠልንበት። ውሃው ከፍ ሲል ቅሉ ይነሳል፤ ክዳኑ በግድግዳው ላይ ይወርዳል። በከሰል ካሰመርሁት መስመር ሲደርስ አስነሳለሁ። ይህን ያሰበችው ጥሩአየሁ ናት። ቀኑን ሙሉ ፊቷን ወደ ክዳኑ አዙራ ጥጥ ትፈትላለች። ሰው ሲመጣ ነጠላዋን ትሰቅልበታለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆመን «ወርዶ ይሆን?» ትለኛለች፣ ቅዳሴው መሃል።

ሞተሩን ከጓሮ አድርጌ በጭቃ አጠርሁት። ማርሚታውን ገንቦ ውስጥ ቀበርሁት። ያም ሆኖ ይሰማል። ደግነቱ የአገኘሽ ወፍጮ ከአጥራችን ማዶ ነው። ወፍጮው ሲነሳ የኛን አብረን እናስነሳለን፤ ሲቆም እናቆማለን። የወፍጮው ናፍታ ሲያልቅ ግን ጉድ ነው። ባለፈው ሳምንት ወፍጮው ቆሞ ክዳኑ ከመስመሩ አለፈ፤ ምን ላድርግ፣ አስነሳሁት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ይርዳው ወዲያው ከተፍ አለ።

«ማሩ፣ ምን ትስባለህ?» አለኝ።

«ለዘር ያስቀመጥሁት ሰሊጥ ምድር ቤት አለ፤ እንዳይበሰብስብኝ ነው።»

«ይበጃል» አለና ሄደ። ይርዳው ክፉ ሰው አይደለም። እሱም ልጁ ለጦሩ ተወስዶበታል።

የእቃው እግር አልሻረም። ደረቅ ቦታ የሚፈልግ ቁስል እርጥበት ላይ ተኝቶ እንዴት ይድናል? መድኃኒት ካገኘህ ላክልኝ። ለሞተሩ ካንዴላና ቤንዚንም ይታሰብበት።

አጎትህ


ገዳሪፍ፣ ሐምሌ 24 ቀን 1980

ለአጎቴ ለማሩና ለእትዬ ጥሩአየሁ፤

በያላችሁበት ጤናውን ያብዛላችሁ። እኛ ደህና ነን።

የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። አይቀየሙኝ። ካንዴላ ሁለት፣ ቤንዚን በጀሪካን፣ የቁስል መድኃኒትም ከነአወሳሰዱ ልኬያለሁ። መድኃኒቱን ጀምሮ እንዳያቋርጥ፤ ተሻለኝ ብሎም ቢሆን።

ወንፊቱን በየጊዜው ያጽዱት፤ ዋልካ ጭቃ ይደፍነዋል። እዚህም ዝናቡ የጉድ ነው። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ክረምት አላየንም ይላሉ። እናንተ ዘንድም እንዲሁ ከሆነ ውሃውን ከመስመሩ በፊት መሳብ ይጀምሩ። አንዴ ካመለጠ አይደረስበትም።

ጥቅምት ሩቅ አይደለም። ለእቃው ማረፊያ አዘጋጅቻለሁ።

አዛናው


መተማ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1980

ለአዛናው፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ምነው ዋሸኸኝ?

ሽኩር ጭነቱን ሲያራግፍ «አዛናው እንዴት ነው?» አልሁት። ጀሪካኑን ማውረድ ቀጠለ። «ሽኩር፣ አንተን ነው የምጠይቅ» ስለው፣ «በከሻ ተይዟል፣ በአፈሳ» አለኝ። የኢትዮጵያ ሰው የሆነውን ሁሉ ከከተማ እየለቀሙ ጭነው ካምፕ እንደወሰዱ፣ አንተም ከነሚስትህ ከነልጆችህ ድንኳን ውስጥ እንዳለህ፣ ጋራዡም ሥራውም እንደቀረ ነገረኝ። መድኃኒቱን እንዴት አድርገህ እንዳገኘኸው አልጠይቅህም። «ማረፊያ አዘጋጅቻለሁ» ያልኸኝ ያንን ድንኳን ነው? ለእኛ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ እውነቱን እችለዋለሁ። ለጥሩአየሁ አልነገርኋትም። ለጀምበሩም አልነገርሁትም። አየህ፣ እኔም ዋሸሁ።

አዎ፣ ጀምበሩ ብያለሁ። እቃ ማለት ታከተኝ።

ዝናቡ ቀን ከሌት አይል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ስቦ እፎይ ሳንል ክዳኑ ተመልሶ ይወርዳል። ወፍጮ አለ የለም ማለቱን ትተነዋል፤ ሰማም አልሰማም ማስነሳት ነው። አልጋውን በድንጋይ ላይ ከፍ አደረግሁለት። መድኃኒቱ ትኩሳቱን አብርዶለታል፤ ከአልጋው ወርዶ በዱላ ይቆማል። እዚያ ውስጥ ግን ቆሞ የት ይሄዳል? ትናንት ወርጄ ከጎኑ ተቀመጥሁ።

«አባቴ፣ ከላይ ምን አለ?» አለኝ።

«ምን ይኖራል፣ ጭቃ ነው።»

«የማን ማሽላ ነው ያማረ?»

የየሰዉን ማሳ እየጠራሁ ነገርሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ስጨርስ «እንደገና» አለኝ። እንደገና ነገርሁት።

*

ደብዳቤውን እዚህ ላይ አቁሜው ነበር፤ ሽኩር ወንዙ እስኪጎድልለት ይጠብቃል። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገርህ።

ሞተሩን ወሰዱት።

የጦሩ መጋዘን ውሃ ገብቶበታል አሉ። ይርዳው መቶ አለቃውንና ሁለት ወታደሮች ይዞ መጣ። መቶ አለቃው ሰው አክባሪ ነው። «አባቴ፣ ሞተርዎን ለክረምቱ ያውሱን፤ ውሃው ሲጎድል እንመልሳለን» አለኝ። እንቢ ብል ለምን ሊባል ነው? «ውሰዱት» አልሁ። ጥሩአየሁ ክዳኑ ላይ ነጠላዋን ሰቅላ ከፊቱ ቆማለች። ወዟ ጠፍቷል።

ቱቦው በወለሉ ቀዳዳ ወደ ታች እንደገባ ነው። አንደኛው ወታደር፣ አነጋገሩ የወሎ ልጅ ነው፣ መሳብ ጀመረ። ወንፊቱ ድንጋዩ መሃል እንደሚያዝ አውቃለሁ። ከተያዘ ደግሞ ሳንቃውን ከፍተው ሊያስለቅቁት ነው። ቱቦው ግን ሳይያዝ ቀስ እያለ ወጣ። ወታደሩ ቆም አለ። እጁን አላላ። ቱቦው በራሱ ወደ ላይ ተገፋ፤ ከታች እያቀበሉት ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ከዚያ «አለቀ፣ እንሂድ» ብሎ ቱቦውን ጠቀለለው። ስሙን ባልሰማም ከዚያን ቀን ጀምሮ እጸልይለታለሁ።

ይርዳው ሲወጣ ፊቱን አላዞረም።

አሁን በባልዲ ነው። እኔ ከታች እሞላለሁ፣ ጥሩአየሁ ከላይ ትቀበላለች፤ ጓሮ ወስዳ ትደፋለች። ጀምበሩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በአንድ እጁ ይሞላል። ጎረቤት ውሃ ስትደፋ እንዳያያት ልብስ አጠባ አስመስላለች። ጨርቅ ነትቦ እስኪያልቅ ታጥባለች።

የእጅ መሳቢያ፣ ምንም ቢሆን ምን፣ ካለህ ላክ። ከሌለህም ካለህበት አትንቀሳቀስ። የአንተም ነገር ያስጨንቀኛል።

ማሩ


መተማ፣ ጳጉሜ 3 ቀን 1980

ለአዛናው፤

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠህ አንብበው። አሰበችም ከጎንህ ትሁን።

በባልዲ ማውጣቱን ቀጥለን ነበር። ውሃው ግን ከእኛ ይበልጥ ነበር። እኛ ስንተኛ አይተኛም። ጠዋት ስንወርድ የአልጋውን ድንጋይ አልፎ እናገኘዋለን። ጥሩአየሁ መዳፏ ተላጠ። በጨርቅ ጠቀለለችው። «ተይ፣ ትንሽ ዕረፊ» ስላት «ክዳኑን እየው» ትለኛለች። ክዳኑ መሬት ነክቶ መለኪያነቱ ቀርቷል፤ እሷ ግን ከማየት አላቋረጠችም።

ከዚያ ወደቀች። ሙሉ ባልዲ እንደያዘች ጓሮ ጭቃው ላይ ወደቀች። የሰማነው የባልዲውን ድምፅ ነው። ጀምበሩ «እማ?» አለ። እንደገና «እማ!» አለ፤ ጮኾ። ስንት ወር በሹክሹክታ ሲናገር የከረመ ልጅ ጮኸ። ወጥቼ አነሳኋት። ወገቧ ነው፤ በሕይወት አለች፣ ትናገራለች። ወደ ቤት አስገብቼ አስተኛኋት።

ተመልሼ ስወርድ ጀምበሩ ቆሟል። ውሃው ወገቡ ድረስ ነው። ሸሚዙን ቆልፏል።

«አባቴ፣ መሰላሉን ያዝልኝ» አለኝ።

«የት ልትሄድ?»

«ላይ።»

«ቀን ነው እኮ። ፀሐይ ነው። ሰው ሁሉ ውጭ ነው።»

«አውቃለሁ። ፀሐይ ስለሆነ ነው።»

«ጥቂት ታገሥ። ጥቅምት ምን ቀረው? አዛናው ይጠብቅሃል።»

«አባቴ፣ እናቴ ለእኔ ስትል ከሞተች ጥቅምት ምን ያደርግልኛል? ያዝልኝ።»

አዛናው፣ ልከለክለው እችል ነበር ብለህ ታስብ ይሆናል። መሰላሉን ልወስድበት፣ ሳንቃውን ልዘጋበት እችል ነበር። ግን ፊቱን አየሁት። ውሃ ውስጥ የከረመ ፊት ነው፤ ቆዳው ነጥቷል። እኔም ሙቼ ነበር፣ ደክሞኝ። መሰላሉን ያዝሁለት።

ወጥቶ በቀጥታ እናቱ ዘንድ ሄደና እጇን ሳመ። ከዚያ በዱላው እየተደገፈ ደጅ ወጥቶ፣ ከበሩ ፊት ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ፀሐዩን አልቻለውም፤ በክንዱ ዓይኑን ጋረደ። ጥሩአየሁ አልቀርም ብላ በእኔ ተደግፋ መጣች፤ ውሃ አሙቄ አቀረብሁላት፤ ተቀምጣ እግሩን አጠበችው። ጎረቤቱ አንድ ሁለት እያለ መጣ። የአገኘሽ ወፍጮ ቆመ። ማንም አልጮኸም። አገኘሽ እርጎ ይዛ መጣችና ከጎኑ አስቀምጣ ሄደች።

ይርዳው መጣ። ጀምበሩን አየ፣ እኔን አየ። ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደኝ።

«ምነው ማሩ? ምነው በቀን?»

«አታውቅም ነበር?» አልሁት።

«አገር ሁሉ ዘርቶ ጨርሶ፣ ያንተ ዘር ብቻ ምድር ቤት ተቀምጦ ይቀራል? ከሰኔ ጀምሮ አውቃለሁ። ሁሉም ሰው ያውቃል።»

«ታዲያ ሞተሩን ለምን አስወሰድህብኝ?»

«ውሃ መሳቢያ ያለው ማነው ብለው ጠየቁኝ። ድምፁን መቶ አለቃው ራሱ ሰምቶታል። የለም ብል ቤቱን ሊበረብሩ ነው። ሞተሩን ወስደው ይሂዱ ብዬ ነው።» አፉን በእጁ ያዘ። «ማታ ቢሆን አላየሁም እል ነበር። አሁን መቶ ሰው እያየኝ ምን ልበል? እኔስ ቤት ልጆች የሉም?»

«ሥራህን ሥራ» አልሁት።

ጀምበሩ እርጎውን ጠጥቶ እስኪጨርስ ይርዳው አጥር ተደግፎ ጠበቀው። ከዚያ ወታደሮች ጠራ። ጀምበሩ ሲነሳ ሰዉን ሁሉ በስሙ እየጠራ ተሰናበተ። ጎንደር ነው የወሰዱት ይላሉ።

ጥሩአየሁ ስትነሳ ተከትለን እንሄዳለን።

ማሩ


ከገዳሪፍ ደቡብ፣ ካምፕ፣ መስከረም 9 ቀን 1981

ለአጎቴና ለእትዬ፤

እንኳን ለዘመን መለወጫ በደህና አደረሳችሁ። ከነሐሴው ደብዳቤዎ በኋላ ምንም አልደረሰኝም። ወንዙ ሽኩርን ይዞት ሰነበተ። ስለ ከሻው መዋሸቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ለጀምበሩ፣ የምትሸሽበት አገር አለህ ብዬ ልነግረው ፈልጌ ነው።

ግን ይስሙኝ፣ መልካም ነገር አለ። የእጅ መሳቢያ ሠርቻለሁ። ከውሃ ቧንቧ ቁራጭና ከጫማ ቆዳ ነው፤ ካምፑ ውስጥ ሞከርሁት፣ ይስባል። እየገፉ መሳብ ነው፤ ድምፅ የለውም። ድምፅ የለውም፣ አጎቴ! ከመጀመሪያውም ይህን መላክ ነበረብኝ እያልሁ እንቅልፍ አጣሁ። እትዬ ብቻቸውን ተቀምጠው ሊሠሩበት ይችላሉ።

ደግሞ ከሽኩር ወንድም ጋር ተነጋግሬያለሁ። በጥቅምት መጀመሪያ፣ ከገበያ ቀን ማግስት፣ ከላይኛው መሻገሪያ በዚህኛው በኩል በግመል ይጠብቃል። ጀምበሩ መራመድ አይጠበቅበትም፤ ይጫናል። ከካምፑ መውጫ ወረቀት ባላገኝም ወጥቼ እቀበለዋለሁ። አሰበች ልብስ እያዘጋጀች ነው፤ ሱሪውን በእኔ ልክ ሰፍታዋለች፤ ይረዝምበት ይሆን?

ከዚያ ወዲያ አብረን እንሠራለን። ሞተር አስተምረዋለሁ። ጥቂት ጊዜ ብቻ ይታገሡልኝ። ክዳኑን ከመስመሩ አያሳልፉት።

መልሱን ቶሎ ይላኩልኝ።

አዛናው


ጎንደር፣ ኅዳር 21 ቀን 1981

ለአዛናው፤

እንደምን አላችሁ? አሰበችና ልጆቹ እንዴት ናቸው? እኛ ቆመን እንሄዳለን።

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል። ያንተ የደረሰኝ መተማን ልንለቅ ስንል ነው፤ የእኔም እስካሁን እንደደረሰህ ሽኩር መልእክት ልኮልኛል። የሠራኸውን መሳቢያ አየሁት። እጅህ ይባረክ። ለአገኘሽ ትቼላት መጣሁ።

ጎንደር ከጥሩአየሁ የአክስት ልጅ ቤት ተጠግተናል። ጀምበሩ አለበት የተባለው ግቢ ከዚህ ሩቅ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ያለውን ዘብ «ጀምበሩ ማሩ አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። ገብቶ ወጣና «አለ። ምግቡን ስጡና ሂዱ» አለን። እንዴት እንደተደሰትን አትጠይቀኝ። ወገቧን ይዛ ስትራመድ የከረመችው ጥሩአየሁ እየሮጠች ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እንሄዳለን። እሱን ማየት አይፈቀድም። ዘቡ ይቀበለናል፣ የትናንቱን ሰሃን ይመልስልናል። ሰሃኑ ሁልጊዜ ባዶ ነው፤ ተጠርጎ የተበላ።

አንድ ቀን ጥሩአየሁ ሰሃኑን እያየች መንገድ ላይ ቆመች።

«ምን ሆንሽ?» አልኋት።

«ጀምበሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰሃን አይጠርግም። መጨረሻዋን ጉርሻ ለእኔ ይተዋል። ምድር ቤት ሆኖ እንኳ ይተውልኝ ነበር።»

«ርቦት ነው እንጂ! እስር ቤት ውስጥ የሚተርፍ አለ እንዴ?»

በማግስቱ ግን ወይካ፣ የደረቀ ባሚያ ወጥ፣ ሠራች። ከመተማ ይዛው የመጣችው ደረቅ ወይካ ነበራት። ጀምበሩ ወይካ አፉ ገብቶ አያውቅም። ገና ሕፃን ሳለ ቀምሶ ሰውነቱ አብጦ ልንቀብረው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሽታውን ሲሰማ ከቤት ይወጣል። አይቻት ገባኝ፤ ጀምበሩ ካለ ወይካው ሳይነካ ይመለሳል። ይዘን ሄድን። ዘቡ ተቀበለን። «አለ?» አልሁት። «አለ» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሰሃኑን ሲመልስልን እኔ ልቀበለው አልቻልሁም። ጥሩአየሁ ተቀበለችው። ክዳኑን አነሳች። ተጠርጓል። የወይካ ዘር እንኳ አልቀረም።

ከግቢው ርቀን ግንብ ሥር ተቀመጥን። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። ሰሃኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ክዳኑን መልሳ ገጠመችበት። እኔ ነኝ ያለቀስሁ።

«ነገ አንመጣም» አልኋት። «ምን ልንሠራ እንመጣለን?»

«ማን ይሆን የሚበላው?» አለች።

«እኔ ምን አውቄ!»

«ዘቡ አይደለም። ዘብ እንዲህ አይርበውም።» ሰሃኑን በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው። «ጠያቂ የሌለው ነው። የሩቅ አገር ልጅ ይሆናል። እናቱ የት እንዳለ አታውቅም።»

ተነሳች። እጄን ይዛ አስነሳችኝ።

አዛናው፣ እኔ አሁንም በየቀኑ ዘቡን «ጀምበሩ ማሩ አለ?» እለዋለሁ። እሱም «አለ» ይለኛል። ጥሩአየሁ አትጠይቅም። ምግቡን ታቀብላለች፣ ባዶውን ትቀበላለች። ከትናንት ወዲያ ወይካው አልቆባት ገበያ ሄዳ ገዛች። ለምን ስላት፣ «ወዶታል» አለችኝ።

እዚያው ባላችሁበት ይጠብቃችሁ።

አጎትህ ማሩ